«ልጄን ምን ሲያደርግ አዩት?»፦ ከአካባቢያችን ፖሊስ ጋር መሥራትን እንዴት እንደተማርን

ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል ተብዬ ብዕሩ ለእኔ ተሰጠ። በግማሽ ወረቀት ላይ የሰባት ልጆች ስም ሰፈረ፤ የአንዳንዶቹን ስም ስለማናውቅ «የብሎክ 14ቱ ረጅሙ»፣ «ሊስትሮው» እያልን ጻፍን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከሰባቱ ስድስቱ ተይዘው ሄዱ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በብሎክ ኮሚቴ፣ በእድር ወይም በቀጠና ስብሰባ ላይ ለሚቀመጡ፣ ፖሊስ «ተባበሩን» ሲላቸው ምን መስጠት እንዳለባቸው፣ ምን ደግሞ መስጠት እንደሌለባቸው ግራ ለሚገባቸው ሰዎች ነው። ሰፈሩንም ጣቢያውንም በስም አልጠራም። ልጆቹ አሁንም እዚያው ይኖራሉ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ መንደሮች በአንዱ ነው። በመምህርነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመንደራችን ሰው በዕጣ የተሰባሰበ ነው፤ አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ ጀርባ። በቀድሞው ሰፈሬ ደጃፏ ላይ ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ የማን ልጅ የማንን ልጅ እንደመታ ታውቅ ነበር። እዚህ ግን ከራሴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ማን እንደሚኖር ሳላውቅ ዓመት አለፈ። ብዙው ተከራይ ነው፤ ስድስት ወር ተቀምጦ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ሌባም ጎረቤትም እኩል እንግዳ ነው።

ያን ክረምት ስርቆቱ በረታ። የመኪና ስፖኪዮ፣ የመተላለፊያ አምፖል፣ ከሁሉም በላይ ግን የውሃ ቆጣሪ። ቆጣሪ የተሰረቀበት ቤት አዲስ እስኪገባለት ድረስ ውሃ በጄሪካን ይቀዳል፤ ደረጃው አምስት ፎቅ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቆጣሪ ጠፋ። ሰው ተናደደ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹን ገንዘባቸውን ቀጥተን አባረርን፤ ሌሎች ቀጠርን፤ ስርቆቱ አልቆመም። በመጨረሻ ከጣቢያ አንድ ኃላፊ መጥቶ ሰበሰበን። «የሚሰርቃችሁ ከሌላ አገር አልመጣም፤ ልጆቹን እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን ስጡን» አለ።

ሰጠነው። በምን ላይ ተመሥርተን እንደሰጠነው ዛሬ ሳስበው ያመኛል። አንዱ ሥራ የለውም፤ ሌላው ማታ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጫት ይቅማል፤ ሦስተኛው ታላላቆቹን ሰላም አይልም። ሊስትሮው ደግሞ ሳጥኑን ቆጣሪዎቹ ካሉበት ደረጃ ሥር ያሳድራል። አንዳችንም አንዱንም ሲሰርቅ አላየንም። ወረቀቱ ላይ የሞላው ያየነው ነገር አልነበረም፤ ያልወደድናቸው ልጆች ስም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከታች መንገድ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠው ሴት ነች። ሁለት ዓመት ከእርሷ ስገዛ ሊስትሮው ልጇ መሆኑን አላውቅም ነበር። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። በሩ ላይ እንደቆመች «እትዬ፣ ልጄን ምን ሲያደርግ አዩት?» አለችኝ።

ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር። ብታለቅስ አባብላታለሁ። እርሷ ግን የጠየቀችኝ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ መልስ ደግሞ አልነበረኝም።

አብሬያት ጣቢያ ሄድኩ። ስንቅ በሳህን ቋጥራለች፤ በሩ ላይ ወጡን እንድትቀምስ ተጠየቀችና ቀመሰች፤ ከዚያ ተቀበሏት። ልጁን ለማየት ግን «መርማሪው የለም፤ ነገ ተመለሱ» ተባልን። ነገም ያው ነው። በዚያ ማታ ከብሎካችን አንድ ጠበቃ እንዳለ ትዝ አለኝና በሩን አንኳኳሁ። የነገረኝን እዚህ የማሰፍረው ብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ሆኜ እኔ ራሴ ስለማላውቀው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ላይ፣ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። ያለመናገር መብት አለው። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልቀረበ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅድለታል። ጠበቃው አንድ ነገር አጥብቆ መከረን፤ በሩ ላይ መጮህ አይጠቅምም፤ ጥያቄ ግን ይጠቅማል። በምን ወንጀል ተጠርጥሮ ተያዘ? መርማሪው ማን ነው? ፍርድ ቤት የሚቀርበው በስንት ሰዓት ነው? የተመለሰላችሁን መልስና ሰዓቱን ጻፉ፤ ስትጽፉም ይዩአችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደብተር ይዤ ሄጄ ሦስቱን ጥያቄ በትሕትና ጠየቅኩ። ተረኛው ደብተሬን አየና ወደ ውስጥ ገባ። በዚያው ዕለት ማታ ስድስቱም ያለምንም ክስ ተለቀቁ። 48ቱ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ አንዳቸውም ዳኛ አላዩም። ልጆቹ ታስረው በነበሩባቸው ቀናት ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ቆጣሪዎች ተሰረቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከእስሩ አይተናነስም። ሊስትሮው ሳጥኑን ይዞ ቦታው ተቀመጠ፤ ጫማ የሚያስጠርገው ግን አጣ። «ጣቢያ ገብቶ ወጥቷል» ተባለ። መለቀቁን ሁሉም ያውቃል፤ የሚያወራው ግን መያዙን ነበር።

አባቴ የቡልጋ ሰው ነበር፤ ስለ አውጫጭኝ ያወራልን ነበር። ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻ ይቀራል፣ ላም ሳትታለብ ትውላለች። በመጨረሻ ሰው ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲል ብቻ የሚጠራው ስም ነበር፤ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር ይል ነበር አባቴ። ያ ሥርዓት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነው። እኛ በዚያ ስብሰባ ላይ ያደረግነው ግን የእርሱ ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጥፋት ልምጣ፤ ይኸኛው የእኛ ብቻ አይደለም። ከእኔ በላይ አንዲት አረጋዊት ይኖራሉ። ልጆቹ ከተለቀቁ ከሳምንታት በኋላ ቡና ጠርተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ቀን በቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ መፍቻና ጆንያ ይዞ ቆጣሪ ሲፈታ ሁለት ጊዜ እንዳዩት ነገሩኝ። ሠራተኛ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ገባቸው። ለምን እስካሁን ዝም አሉ? ከዓመት በፊት የመኪና መስታወት የሰበረ ጎረምሳ አይተው ለፖሊስ ተናግረው ነበር። በዚያው ቀን ማታ ጎረምሳው በራቸው ላይ ቆሞ «እርስዎ ነዎት አሉኝ» አላቸው። ቃሉን ሲቀበል የነበረው ፖሊስ ስማቸውን ጠቅሶለት ነበር። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጆሮ ጠቢ ልባል? ደግሞስ ማን ሊያድነኝ?» አሉኝ።

ፖሊስ ሕዝቡ አይተባበርም ሲል እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ሕዝብ ለመተባበር አንድ ጊዜ ሞክሮ እጁ የተቃጠለ ነው። ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል በእኛ ትውልድ ጆሮ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የቀበሌን፣ የአብዮት ጥበቃን ዘመን ያለፈ ሰው ያውቃል። በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ መፈክር የሚነሳ ሸክም አይደለም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ለቀጠናችን አዲስ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ተመደበ። ወጣት ምክትል ሳጅን ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ከእኛ መንደር ርቆ አንዲት ክፍል ተከራይቶ እንደሚኖርና በሁለት ታክሲ እንደሚመጣ በኋላ ነው ያወቅኩት። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ አልጠራም፤ ብሎክ ለብሎክ እየዞረ ሰላምታ ሰጠ። እኔ ጋ ሲደርስ ቤት ጋብዤ የዝርዝሩን ታሪክ ከነሙሉው ነገርኩት፤ የአረጋዊቷን ግን ስማቸውንም ፎቃቸውንም ሳልጠቅስ። ሲሰማ ቆይቶ «እነዚህ ልጆች ቤት የሄደ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነበረም።

ሄድን። የሊስትሮው እናት ሳጅኑ የደንብ ልብስ ለብሶ እንዳይመጣ ለመነችኝ፤ ጎረቤት ካየ ልጇ ዳግመኛ የተያዘ ይመስለዋል። በሲቪል መጣ። እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እንዴት እንደጠየቅኩ አላስታውስም፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሱ «ያኔ እኔ አልነበርኩም፤ ልብሱ ግን ያው ነው። ይቅርታ» አለ። እናትየዋ ቡና አላፈላችልንም። ልክ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ጀመርን። ዋናው ጠቃሚ ነገር ይህ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ተራ ባለመስመር ደብተር ነው፤ የሚቀመጠው ከእኔ ዘንድ ነው። በየገጹ አምስት ዐምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የታየው ነገር፣ የፖሊስ መልስ። የጠቋሚ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የተጠርጣሪ ስም የሚጻፍበት ቦታም የለውም። «እገሌ ሌባ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ሲኖር «ምን ሲያደርግ አየኸው? መቼ? የት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ካየ እጽፋለሁ፤ ካላየ ደብተሩን እዘጋለሁ። በመጀመሪያው ወር ስንት ጊዜ እንደዘጋሁት! ሰዎች ተቀየሙኝ፤ አንዱ የኮሚቴ አባል ሌቦችን ትደግፋለች ብሎ አስወራብኝ።

ደብተሩን ደብተር ያደረገው ግን የመጨረሻው ዐምድ ነው። ሳጅኑ እሑድ እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ መጥቶ ለእያንዳንዱ መስመር መልስ ይሰጣል። «ሄጄ አየሁ፤ የጠፋው አምፖል ተቃጥሎ ነው።» «ጠየቅኩ፤ አልተገኘም።» «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ወረዳ ሂዱ።» አብዛኛው መልስ የምሥራች አልነበረም፤ ቢሆንም መልስ ነበር። ሰው የተናገረው ነገር የት እንደደረሰ ሲነገረው ሁለተኛ ጊዜ ይናገራል። ሳጅኑ ሁለት እሑድ በተከታታይ ሲቀር በሦስተኛው ሳምንት አንድም ጥቆማ አልመጣልኝም፤ ከዚያ በኋላ መቅረት ግድ ሲሆንበት በስልክ መልሱን እያስጻፈ ቀጠለ።

በሦስተኛው ወር አካባቢ አረጋዊቷ ራሳቸው በሬን አንኳኩ። ሰውየው እንደገና መጥቷል፤ አሁን፣ ከብሎክ 9 ጀርባ። ሳጅኑ ጋ ደወልኩ። እርሱ ራቅ ብሎ ስለነበር 991 እንድደውል ነገረኝና ደወልኩ፤ እርሱም በራሱ መንገድ መጣ። ሰውየው አራት ቆጣሪ በጆንያ ይዞ ተገኘ። ነሐሱን የሚሸጠው ለቆራሌ ነበር። ከመንደራችን አልነበረም፤ ከሰባቱ ልጆች አንዱንም አያውቅም። ሊስትሮው ግን ያውቀው ነበር፤ የሥራ ጫማውን ሁለት ጊዜ ጠርጎለታል። ያን ጊዜ ስሙን ከመስጠት ይልቅ ልጁን ራሱን ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ!

እዚህ ላይ ለሰው መነገር ያለበት አንድ ሐቅ አለ። ጥቆማና ምስክርነት ይለያያሉ። ጥቆማ ስም ሳይጠራ ሊቀር ይችላል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ምስክር በአደባባይ ቆሞ ይናገራል፣ በተከሳሹም ይጠየቃል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ እርሱ ግን ለከባድ ወንጀሎች የወጣ እንጂ እንደ እኛ ላለ የቆጣሪ ስርቆት አይደለም። ስለዚህ ለአረጋዊቷ «ማንም አያውቅዎትም» ብዬ ቃል አልገባሁም። ሰውየው ዕቃውን እንደያዘ ስለተገኘ ፖሊሶቹ ራሳቸው ምስክር ሆኑ፤ እርሳቸው አልተጠሩም። ቢጠሩ ምን እናደርግ እንደነበር ከሳጅኑ ጋር አስቀድመን ተነጋግረን ነበር፤ ስድስት ጎረቤት አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመለሳል። የማትችሉትን ጥበቃ ለማንም ቃል አትግቡ።

ከሳጅኑ ጋር የተጋጨሁበትም ጊዜ ነበር። ከብሎክ 3 የአንዲት ወጣት እናት ጩኸት ሌሊት ሌሊት ይሰማ ነበር። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። በእሑዱ «ባልና ሚስት ናቸው፤ ሽማግሌ ይግባ» አለኝ። ሽማግሌ ገባ፤ ታረቁ ተባለ። በአሥረኛው ቀን ክንዷ ተሰበረ። ለሽምግልና ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ በጣሪያ ፍሳሽ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ፣ በልጆች ጠብ ጣቢያ ከመሄድ ሽማግሌ መቶ እጅ ይሻላል። ሰው እየተደበደበ ግን ሽምግልና ለደብዳቢው ጊዜ መግዣ ነው። ይህንን ለሳጅኑ በቁጣ ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ያን ቀን ራሱ ሄዶ ቃሏን እንድትሰጥ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ከምታየው ሴት መርማሪ ጋር አገናኛት። አዲስ አበባ ውስጥ ላላችሁ፣ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ፤ እዚያ የወሰድናት እኛው ጎረቤቶቿ ነን። ፖሊስ እስኪመራን መጠበቅ አልነበረብንም፤ አሥር ቀን ጠብቀናል።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል። ሌባው ከተያዘ በኋላ ጥቂት ጎረቤቶች ለሳጅኑ «የታክሲና የሻይ» ከየቤቱ እናዋጣ አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ልጁ ሲቸገር እያዩ ነው። እኔ ተቃወምኩ። ዛሬ ብሎክ 9 ካዋጣ፣ ማዋጣት የማይችለው ብሎክ 14 ነገ ሲደውል ማን ይነሳለታል? እርሱም ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠና «እማማ፣ ይህ እንዳይደገም» አለኝ። ያዋጣነውን ለመንገድ መብራት አዋልነው፤ ደረሰኙ ኮሚቴው ዘንድ አለ። ሰው ሆኖ ቤት ሲመጣ ግን ቡና ይጠጣል፤ ያንን የሚከለክል ሕግ የለንም።

ሳጅኑ ባለፈው ዓመት ተዛወረ። ከዚህ አሠራር ደካማው ጎን ይህ ነው፤ ሰው ሲለመድ ይሄዳል። ለመሰናበት ሲመጣ ተተኪውን ይዞት እንዲመጣ ለምነነው ነበር፤ አመጣው። አዲሱ ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ጥሩ ነው፤ የተጠርጣሪዎቹ ስም ዝርዝርስ?» አለ።

የሊስትሮው እናት አሁን የብሎካቸው ተወካይ ነች። ከእኔ ቀድማ «ስም አንሰጥም፤ ያየነውን እንነግርዎታለን» አለችው። ሰውየው እርሷንም እኔንም አየን፤ ደብተሩን አልመለሰልንም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረ።

በዚህ ሳምንት ሦስት መስመር ተጽፏል፤ የመጨረሻው ዐምዳቸው ባዶ ነው። እሑድ ከእድር በኋላ እንጠይቀዋለን።